ዘነቡ ዓይኗን የሸፈነችበት ክረምት

እኔ ብሪቱ ነገር ሲደበቅ አልወድም። ባሌ ነፍሱን ይማረውና «አንቺ እኮ ሆድሽ ነገር አያድርም» ይለኝ ነበር። አያድርም፣ ይቅርብኝ! ሆዳቸው ነገር የሚያድር ሰዎች ባለፈው ክረምት የሠሩትን አይቻለሁ።

መንደራችን አሶሳ ዙሪያ ደርግ ከወሎ ሰው አምጥቶ ካሰፈረባቸው አንዱ ነው። ስም በመስጠት ፈንታ ቁጥር ሰጡት፣ እስከዛሬም በቁጥሩ ይጠራል። ዘነቡና እኔ ገና ልጃገረዶች ሳለን በአንድ መኪና ተጭነን ነው የመጣነው። በዚያ በክፉ ዘመን ስንቱን አብረን ቀብረናል። እሷ ባሏ በጊዜ ሞተባትና የቀራት አንድ ልጇ ሰራዊት ነው። ልጁ ማንቡክ ሰሊጥ እርሻ ላይ ሊሠራ ከሄደ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ናት። ብቻዋን ስል ግን ሰው የላትም ማለቴ አይደለም። ግቢዋ ካለው ማንጎ ሥር የመንደሩ ልጆች ሲንጫጩ ነበር የሚውሉት። ማንጎው ባያፈራ እንኳ ቆሎ ታዘግናቸዋለች።

ሰኔ ሲጋመስ ኩርሙክ ያለችው ልጄ ወለደችና አራስ ልጠብቅ ሄድኩ። ክረምቱ ገባ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ ስልኩም አንድ ቀን ቢሠራ ሳምንት ይጠፋል። የተመለስኩት ኅዳር ላይ ነው። ትልቋን የልጅ ልጄን ሕሊናን አስከትዬ፣ ዕቃዬን እንኳ ሳልፈታ ዘነቡ ቤት ሄድኩ።

ማርያምን፣ አላወቅኋትም። ያቺ ሙሉ ሴት ሟሙታ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። ከማንጎው ሥር አንድም ልጅ የለም። ልስማት ስጠጋ ሕሊናን አየችና ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ሳበችው። ልጅቱን ወደ ኋላሽ አድርጊያት አለችኝ። ታማ ይሆናል፣ እንዳይተላለፍባት ፈርታ ነው ብዬ ልጅቱን ከኋላዬ አደረግኳት። ምን ነካሽ ስላት፣ እህል አልወርድ ብሎኛል፣ ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ተቀርቅሯል፣ ልቤ ያለ ምክንያት ይመታል፣ እንቅልፍ ካጣሁም ቆየሁ አለች። ሰራዊትስ አልኳት። ስልኩ እንደማይነሳ፣ ጋሽ ሀብቱ ግን ልጅሽ ደህና ነው፣ ስልኩ ጠፍቶበት ነው እንዳሏት ነገረችኝ። ጋሽ ሀብቱ የእድራችን ዳኛ ናቸው።

በነጋታው ጎትቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ሪም የምትባል ረጋ ያለች የበርታ ልጅ ናት። ደሟንም፣ ወባውንም፣ ሁሉንም አየችላት። ግፊቷ ትንሽ ከፍ ከማለቱ በቀር ምንም አልተገኘባትም። ከዚያ እኔን ለብቻዬ ጠርታ፣ «እማማ፣ ይሄ እናት በሽታው ከሆድ አልመጣም፣ ከሐሳብ ነው የመጣው። ቤት ውስጥ ማን ነው አብሮ የሚበላው?» አለችኝ።

ስንመለስ ዘነቡን መንገድ ላይ ያዝኳት። ካልነገርሽኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም አልኳት፤ እንደማደርገው ደግሞ ታውቃለች። ዙሪያዋን ገላምጣ አወጣችው። ሐምሌ ከገባ ጀምሮ ሰው ሸሽቷታል። ስትመጣ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ፣ ዓይኗን አያዩም፣ ልጆቻቸውን ከግቢዋ እየጎተቱ ወሰዱ። አንድ ቀን ሽንኩርት ልትበደር የዝናሽ የምትባለው ጎረቤቷ ጋ ብትገባ፣ ሴትዮዋ ቆይ ላምጣልሽ ብላ ጓዳ ገብታ ሳትወጣ ቀረች።

«ቡዳ ብለውኛል፣ ብሪቱ። ልጄም ሰምቶ ይሆናል፣ አፍሮብኝ ይሆናል የጠፋው። እኔም ሳላውቀው ብሆንስ ብዬ ልጅ ማየት ፈራሁ።»

ደሜ ፈላ። ቡዳ የተባለ ሰው ኑሮው ምን እንደሚሆን እኛ ዘንድ የማያውቅ የለም። ቤቷ አስገብቻት በቀጥታ የዝናሽ ጋ ገብቼ አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኳት። እሷ ግን ተነሥታ በሩን ዘጋች፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታለቅስ ጀመር፣ ከዚያ ነገረችኝ። ሰራዊት ሞቷል። ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ እዚያው ማንቡክ፣ ወባ ነው፤ እዚያው ተቀብሯል። ከእናቱ በቀር መንደሩ በሙሉ ያውቃል። መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርዶ ለእናት እንዲሁ አይነገርም፣ የሥጋ ዘመድ አጠገቧ ይቁም ይባላል። ጋሽ ሀብቱ፣ ወሎ የቀረው ወንድሟ እስኪመጣ ይጠበቅ፣ ግፊት አለባት፣ ብቻዋን ብትሰማው ትሞትብናለች ብለው ሰዉን ቃል አስገቡ። ወንድሟ መጀመሪያ ክረምቱ ይውጣ አለ፣ ቀጥሎ አዝመራው ይሰብሰብ አለ። እስከዚያ ሴቶቹ ምን ያድርጉ? ፊቷን ሲያዩ እንባቸው ይመጣል፣ ስለዚህ ይሸሻሉ። የልጅ አፍ አይታመንም፣ ስለዚህ ልጆቹን ያርቃሉ። የዝናሽም ጓዳ ገብታ የቀረችው ስታለቅስ ነው። ለእሷ አዝነው ነው እኮ ሁሉም፣ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ዘነቡ ግን ምን ደበቀች? እኛ ነን የደበቅንባት።

ጋሽ ሀብቱ ጋ ስደርስ ደጃቸው ላይ በቆሎ ይፈለፍላሉ። ወንድሟ ለገና እመጣለሁ ብሏል አሉኝ። ለገና የምትቀበለው እህት አትኖርም አልኳቸው። ነርሷ ያለችውንም፣ ዘነቡ ያለችኝንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ቡዳ የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸው ቆመ።

«እኛ? ዘነቡን?» አሉ።

ነገ ማለዳ ይነገራት አሉና በቆሎውን ትተው ሰው ሊጠሩ ተነሡ።

መርዶ በማለዳ ነው። ወፍ ሲንጫጫ ወንዱም ሴቱም ትንፍሽ ሳይል ደጇ ላይ ተሰበሰብን። ጋሽ ሀብቱ ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሡ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ዘነቡ ጫማዋን አድርጋ፣ ልብሷን በአንሶላ ቋጥራ ቆማለች። ኮቴያችንን ሰምታ ነው የቋጠረችው። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «እወጣላችኋለሁ፣ አትንኩኝ። ልጄ ሲመጣ ብቻ የሄድኩበትን ንገሩልኝ» አለች።

ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ ከሴቶቹ መሃል ለቅሶ ፈነዳ። ጋሽ ሀብቱ ያሰናዱት ንግግር ነበራቸው፣ ጠፋባቸው።

«ዘነቡ፣ ዛሬ ወንድምሽ እኔ ነኝ። ሰራዊት አርፏል።»

ቋጠሮዋን እንደያዘች ቀና ብላ በየተራ አየችን። ያን ሁሉ ወር ያላየችውን ፊት አየች። «ቡዳ አላላችሁኝም?» አለች። የለም አልናት። መልሳ ጠየቀች፣ መልሰን የለም አልናት። ያኔ ቋጠሮው ከእጇ ወደቀ፣ እሷም ተከትላው ወደቀች፣ ልጇን እየጠራች። ከዚያ ከተዘጋ ጉሮሮ እንደዚያ ያለ ጩኸት ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር።

ግፊቷ ይገድላታል ያላችሁ ሁሉ እዩዋት፣ አልሞተችም። ድንኳን ተተከለ፣ መንደሩ ቁጭ ብሎ አለቀሰላት። የዝናሽ በእጇ አጎረሰቻት፣ ዋጠች። ሰው መሃል፣ ምንጣፍ ላይ፣ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት። ሪም ልትጠይቃት መጥታ ግፊቷን ብትለካው ወርዷል። ሐዘን እንደሚገድል ሁላችንም እናውቃለን፤ ሰው ማጣት ከሐዘን ቀድሞ እንደሚገድል ያሰበ ግን አልነበረም።

አርባው ካለፈ በኋላ ጋሽ ሀብቱ ይቅርታ ሊጠይቋት መጡ። አልተቆጣቻቸውም።

«ልጄን ሞት ወሰደው፣ ጋሼ። እናንተን ማን ወሰዳችሁ?» አለቻቸው።

ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ደህና ዋይ ብለው ወጡ።

አሁን ማንጎው ሥር ልጆቹ ተመልሰዋል። ዘነቡም በርጩማዋን አውጥታ ትቀመጣለች፣ ትንሽ ሥጋም ለብሳለች። ግን አንድ ልጅ ቀና ብሎ ባያት ቁጥር ነጠላዋ ዓይኗ ላይ ይወርዳል። ሰሞኑን ሕሊና ሮጣ ጭኗ ላይ ስትወጣም እንዲሁ አደረገች። ተናደድኩ። ኧረ አንሺው፣ ማንም ምንም አላለሽም፣ ስንቴ ልንገርሽ አልኳት።

«አውቃለሁ፣ ብሪቱ» አለችኝ ከነጠላው ውስጥ። «እጄ ነው ያላወቀው።»