የጧት ውሃ

ወረቀቶቹ የእኔ ናቸው ያልኩት ከወገዳ ወደ መካነ ኢየሱስ በሚወስደው መንገድ፣ ኬላ ላይ ነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ዐሥራ ሁለት የሕክምና ተማሪዎቼ ከሚኒባሱ ወርደው ጭቃው ላይ ተደርድረዋል። ፈታሹ ከአንዷ ተማሪ ቦርሳ ያወጣውን ካርታ ዘቅዝቆ ይዞ ያየዋል። በእጅ የተሳለ የአንድ ቀበሌ ካርታ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ቁጥር አለው፤ ምንጩ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ተጠቁሟል። የማስተምረው ኢፒዲሚዮሎጂ ነው። በሽታ በአንድ አልጋ ላይ ብቻ ሳይሆን በአንድ መንደር ውስጥ እንዴት እንደሚጠና ላሳያቸው፣ ሦስት ሳምንት ቤት ለቤት ስንዞር ከርመናል።

"ይህን ማን ነው የሳለው?" አለ።

የሳለችው ልጅ ልትናገር ስትል ቀደምኳት።

"እኔ ነኝ ያሳልኩት። እነሱ የታዘዙትን ነው የሠሩት" አልኩ።

ብዙ ከተከራከርን በኋላ ሚኒባሱ ተማሪዎቹን ይዞ ሄደ። እኔ ቀረሁ።

ያስገቡኝ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው። መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የነቀዘ በቆሎ፣ የረጠበ ጆንያ፣ ከዚያ ሥር ደግሞ የሰው። ዐይኔ ጨለማውን እስኪለምድ በሩ ላይ ቆምኩ። በግድግዳው ዙሪያ ሴቶች ተቀምጠዋል።

"ግቢ እንጂ፣ ቦታ አለ" አለች አንዷ።

ቦታ አልነበረም። እግራቸውን ሰብስበው አወጡልኝ።

ከእኔ ጋር ሃያ ሦስት ሆንን። አብዛኞቹ የታሰሩት በሰው ፈንታ ነው፤ አንዷ ባሏ ጠፍቶባት፣ ሌላዋ ወንድሟ ተፈልጎ። እዚያው አቅራቢያ ካለው ቤተ ልሔም ደብር የመጡ እማሆይ ነበሩ፤ የወንድማቸው ልጅ ሲታጣ እሳቸውን ይዘው መጡ። ስንቅ ሲከፈል፣ ጠብ ሲነሳ ዳኛችን እሳቸው ናቸው። አንዲት ጨርቅ ነጋዴ ሙስሊም፣ አንዲት አረቄ ሻጭ፣ የአምስት ወር ሕፃን ያቀፈች አንዲት ልጅ እግር እመጫትም ነበረች።

በማግስቱ አዛዡ አስጠራኝ። ካርታው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ቤት ለቤት የሞላናቸው መጠይቆች ከጎኑ ተከምረዋል። አንዱን መዘዘ።

"ቁጥር ዐሥራ አራት። የቤተሰቡ ብዛት አምስት። ትናንት እቤት ያደረ፣ ሦስት። ሁለቱ የት ሄዱ?"

"እሱን አንጠይቅም።"

"ቁጥር ዐሥራ አራት የማን ቤት ነው?"

"ስም አንጽፍም።"

"ወረቀቱ ላይ አትጽፉም። አንቺ ግን ታውቂዋለሽ።"

እውነቱን ነው። ቤቱን አውቀዋለሁ። ሴትየዋ ድንች ቀቅላ አብልታናለች። ጥያቄያችንን ከመመለሷ በፊት "ይኸ ነገር ወዴት ይሄዳል?" ብላ ጠይቃኝ፣ "ከእኔ አያልፍም" ብያታለሁ።

"አላስታውስም" አልኩት። በየቀኑ ያስጠራኝ ጀመር።

በአምስተኛው ቀን አረቄ ሻጭዋ ታመመች። ያስመለሳታል፣ ያስቀምጣታል፤ የሚወጣት የሩዝ እጥቢ ይመስላል። ያንን የኮሌራ ምልክት ስንት ዓመት ለተማሪዎቼ በቃል ነግሬያለሁ፤ በዐይኔ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው። ሲመሽ ሌሎች ሦስት ተጨመሩ። አረቄ ሻጭዋን በጆንያ አድርገው አወጧት። ጤና ጣቢያ ሳትደርስ ማረፏን የሰማሁት ከተፈታሁ በኋላ ነው።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ከሴቶቹ አንዷ፣ "ኧረ እዩት፣ ጾም የሻረው ነው የሚታመመው" አለች። ሁሉም ወደ ታመሙት ዞረው አዩ። ያስፈራኝ አባባሏ እውነት መሆኑ ነው። የታመሙት በሙሉ ጧት እህል ውሃ የሚቀምሱት ናቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከሚጾሙት አንድም ሰው አልታመመም። በማግስቱ እመጫቷ ስትወድቅ፣ አጠገቧ የነበሩት ነጠላቸውን ሰብስበው ራቁ። ልጅቱ ስለምታጠባ ነው ያልጾመችው። ሕፃኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ "ቁጣ ነው እንዴ?" አለችኝ።

"አይደለም" አልኩ። ማስረጃ ግን አልነበረኝም።

ማን መቼ እንደታመመ፣ ማን ምን እንደጠጣ ልጠይቅ ተነሣሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናነቡ። የተፈላጊ ዝርዝር የተባለ ነገር ነው እዚያ ያመጣቸው። እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ "ልጄ፣ ሰው አይቆጠርም። ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቆጥር ቸነፈር ወረደበት" አሉኝ።

"እማሆይ፣ ዳዊት ያስቆጠረው ሰይፍ የሚመዝ ስንት አለኝ ብሎ ነው። እኔ የምጠይቀው ማን ከየት እንደጠጣ ነው።"

እማሆይ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።

"ስም ትጽፊያለሽ?"

"አልጽፍም። እርሳስም የለኝ።"

"እንግዲያ ከእኔ ጀምሪ።"

መሬቱ ላይ በጣቴ መስመር አሰመርኩ። ለታመመች ሴት የሽንብራ ቆሎ፣ ለደህናዋ የገብስ። በስተቀኝ የጧቱን ባልዲ የጠጡ፣ በስተግራ ያልጠጡ። ጧት ጧት ጠባቂው ከመጋዘኑ ግርጌ ካለው ምንጭ ቀድቶ ባልዲ ያስገባል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቤተሰብ ስንቅ ሲያመጣ ከከተማው ቦኖ የተቀዳ ውሃ በጀሪካን ይመጣል። የሚጾሙት የሚጠጡት ይህንን ነው። ሽንብራው ሁሉ በስተቀኝ ተከማቸ።

"ያው አይዶለም እንዴ! የጾመ ዳነ" አለች ያቺው ሴት።

"እኔስ?" አለች ጨርቅ ነጋዴዋ። "ፍልሰታ አይመለከተኝም። ጧት በልቼ ነው የምጠጣው።"

"ከየትኛው?" አልኳት።

"ከራሴ ጀሪካን። እህቴ ከቦኖ የምታመጣልኝ አለ፤ ለጧት አስተርፋለሁ።"

አንዲት የገብስ ፍሬ በስተግራ አኖርኩላት። እማሆይ ጎንበስ ብለው ፍሬዋን አዩዋት፤ ከዚያ እመጫቷን አዩ።

"ውሃው ነው" አሉ። ተነሥተው ልጅቱ ራስጌ ሄደው ተቀመጡ። ርቀው የነበሩት ሴቶችም አንድ በአንድ ተመለሱ።

በሩን ደበደብኩ። አዛዡ ራሱ መጣ። ነገርኩት።

"ውሃው ይቀየራል" አለ ረጋ ብሎ። "ሐኪምም አስመጣለሁ። ቁጥር ዐሥራ አራትን ንገሪኝ።"

ከኋላዬ እመጫቷ ታቃስታለች። ሕፃኑ በጨርቅ ነጋዴዋ እቅፍ ሆኖ ያለቅሳል።

"የምታስተምሪው ነፍስ ማዳን አይደለም? አንዲት እናት እየሞተች ነው። የሌላውን ቤት ስም ብትነግሪኝ ምን ይጎዳሻል?"

ስሙ ምላሴ ላይ ነበር፤ ይህን ዛሬም አልክደውም። ሁለቱ ሰዎች ወዴት እንደሄዱ አላውቅም፤ ምናልባት ለአረም፣ ምናልባት ለሌላ። እነሱን ፍለጋ ማን ወደዚያ ቤት እንደሚሄድ ግን አውቃለሁ።

"አስታውሰዋለሁ። አልነግርዎትም" አልኩ።

በሩ ተዘጋ። ፊቴን ወደ ሴቶቹ ማዞር ከበደኝ። ሁሉም ሰምተዋል። እመጫቷም ሰምታለች። እማሆይ ብቻ፣ "አሁን ምን እናድርግ? እሱን ንገሪን" አሉ።

ስኳር ከጨርቅ ነጋዴዋ ተገኘ፤ ጨው ከአንዷ ስንቅ። ለአንድ ሊትር ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ማንኪያ ጨው። የጎደለን ንጹሕ ውሃ ነው። እማሆይ ከጧት ጀምረው የጠበቁትን፣ በቀን አንዴ የምትደርሳቸውን ጣሳ ውሃ ገፉልኝ። "ለዛሬ ይቅርብኝ" አሉ። ሌሎቹም ካላቸው አዋጡ። ተራ ገብተን እመጫቷንም ሌሎቹንም በማንኪያ በማንኪያ አጠጣናቸው፤ ሲያስመልሱ ጥቂት ቆይተን እንደገና።

በማግስቱ ጧት ባልዲው እንደተለመደው ገባ። እማሆይ በሁለት እጃቸው አንሥተው ጠባቂው ፊት፣ ደጃፉ ላይ ደፉት።

"እኛ አንጠጣም። አንተም አትጠጣው፣ ልጄ" አሉት።

ጠባቂው የመሣሪያውን ማንገቻ ጨበጠ። እማሆይ ባልዲውን ይዘው ቆመዋል፤ የቀሚሳቸው ጫፍ ረጥቧል። እሳቸውን አየ፣ እኛን አየ፣ ባልዲውን ነጥቆ በሩን ዘጋ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አልነበረም። ያን ቀን ሁላችንም ጾምን፤ ጨርቅ ነጋዴዋም።

አዲስ የሚታመም ቀረ፤ ቀድመው የታመሙት ሦስቱም በረቱ። በሦስተኛው ቀን እመጫቷ ቀና ብላ "ሽንቴ መጣ" ስትል፣ እልልታ ሊያመልጠን ምንም አልቀረውም። ሰውነቷ ውሃ ማግኘቱን የሚነግረን እሱ ነው።

ከዚያ በሩ ተከፈተ። አዛዡ ነው፤ ካርታውን አልያዘም።

"ከጠባቂዎቹ ስድስት ልጆች ወድቀውብኛል" አለ።

ጨርቅ ነጋዴዋ ክንዴን ቆንጠጥ አድርጋ፣ "አሁን ተደራደሪ" ብላ አንሾካሾከች። ልክ ነበረች። መፈታቴን፣ የሁላችንንም መፈታት ልጠይቀው እችል ነበር። በውስጤ ያለው ርኅራኄ አልነበረም፤ ንዴት ነው። ግን ከአፌ የወጣው የለመድኩት ጥያቄ ነው።

"ያልታመሙትስ ስንት ናቸው?"

"እነሱ ምን ያደርጉልሻል?"

"ከየት እንደጠጡ እጠይቃቸዋለሁ።"

ወደ ውጭ ወሰዱኝ። ሸራ ሥር በረድፍ ተኝተዋል። መጀመሪያ ያለው ባልዲውን የነጠቀው ጠባቂ ነው፤ ዐይኑ ጎድጉዷል፤ ሲያየኝ ፊቱን ወደ ሸራው አዞረ። የክንዱን ቆዳ ቆንጥጬ ለቀቅኩት። ቶሎ አልተመለሰም። ለጓደኛው ስኳሩንና ጨውን እንዴት እንደሚለካ አሳየሁት፤ ሁለቴ አስደገምኩት። ከምንጩ በላይ የጠባቂዎቹ ሽንት ቤት አለ፤ ዝናቡ ወዴት እንደሚያወርደው አዛዡን በጣቴ አሳየሁት።

በዚያው ቀን በአህያ ተጭኖ የቦኖ ውሃ መጣ፤ ለእነሱም ለእኛም። አዛዡ አላመሰገነኝም። ቁጥር ዐሥራ አራትን እስከምፈታበት ቀን ድረስ መጠየቁንም አልተወም። እኔም መልሴን አልለወጥኩም። ስፈታ እማሆይ ገና እዚያው ነበሩ።

አሁንም አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ያን ጊዜ ያልነበሩ ናቸው፤ መታሰሬን አያውቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። የሚያውቁ ወዳጆቼ "እነሱን ለምን አከምሽ?" ይሉኛል። ያ ጠባቂ ድኖ ተመልሶ በዚያው በር ላይ እንደቆመ አውቃለሁ።

በቀደም ስለ ወረርሽኝ ምርመራ ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አወጣ።

"መምህርት፣ በሽታው እስር ቤት ውስጥ ቢነሣ የምንቆጥረው እስረኞቹን ብቻ ነው?"

ጠመኔውን አስቀመጥኩ።

"ጠባቂዎቹንም ቁጠር" አልኩት።

ጻፈው። ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፍን።