የቦራ የቀኝ እርካብ

ባለፈው ጥቅምት የታናሽ ወንድሜ ልጅ ከጌዶ ደውላ የገመቹን መሞት ነገረችኝ። «አዳዳ፣ ለቀብሩ ትመጫለሽ?» አለች፤ አክስቴ የምትለኝ በኦሮምኛ ነው። ለእሱ ቀብር የሚሆን እግር የለኝም ብያት ስልኩን ዘጋሁ። በማግስቱ ግን ከአምቦ በሚነሳው የመጀመሪያ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ለማዘን አይደለም የሄድኩት። ያ ሁሉ ሰው አሁንም ዝም ይል እንደሆነ ለማየት ነው።

ጉደርን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው የኑግ አበባው ሜዳውን አልብሶት ነበር። ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ስለ ሟቹ ያወራሉ። ፈረሱ ተሸልሞ እንደሚወጣ፣ ሜዳሊያውም ኮርቻው ላይ እንደሚንጠለጠል አንዱ ለሌላው ነገረው። «አባ ቦራን የመሰለ ጀግና ከእንግዲህ አይወለድም» አለ። መስኮቱን ከፈት አደረግሁ።

በእኛ አገር ፈረሰኛ የሚጠራው በፈረሱ ስም ነው። ታላቅ ወንድሜ ቶሎሳ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ፈረስ ነበረው፤ ቦራ ይባላል። ስለዚህ ቶሎሳ አባ ቦራ ነበር። ጎረቤታችን ገመቹ ዳማ ፈረስ ስለሚጋልብ አባ ዳማ ይባል ነበር። ይህን በጌዶ ገበያ የሚውል ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ሲያስፈልገው ረሳው እንጂ።

ቶሎሳ ልጅ እያለ ከዛፍ በመውደቁ ግራ ጉልበቱ በደንብ አይታጠፍም ነበር። ሰው ሁሉ ግራ እግሩን እርካብ ውስጥ ከትቶ ከግራ በኩል ሲወጣ፣ እሱ ግን ከቀኝ ነበር የሚወጣው። ቦራም ያደገው በእሱ እጅ ስለሆነ «አባ ቦራ!» ሲባል ከሰማ ዞሮ ቀኝ ጎኑን ይሰጣል፤ ጌታው እስኪወጣም አይነቃነቅም።

በደርግ ጊዜ የአንድ አገር ልጆች በሰሜን እርስ በርስ ሲዋጉ፣ ፈረስ ያለው ጎበዝ ከነፈረሱ ይመለመል ጀመር። ቶሎሳና ገመቹ አብረው ሄዱ። እናቴ የገብስ ዱቄት በቅቤ ለውሳ ጭኮ ሠርታ ለሁለቱም እኩል ቋጠረችላቸው። ይህንንም ጽፌ ማለፍ እፈልጋለሁ፤ እኩል ነበር።

ከዓመታት በኋላ፣ መስቀል በተከበረ ሰሞን፣ ገመቹ ብቻውን ተመለሰ። ደረቱ ላይ ሜዳሊያ አለ። የተቀመጠው ቦራ ላይ ነበር።

እናቴ የዚያኑ ዕለት ጭኮ ይዛ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ልጄን የት ተውከው ብላ ጠየቀችው። ገመቹ ፈረሱን እያየ እንጂ እሷን እያየ አልመለሰም።

«አዴ፣ ቶሎሳ ከዳ። ፈረሱን ጥሎ ሸሸ።»

እናቴ ጭኮውን አስቀምጣ ወጣች። ያኔ ጴንጤ የመንግሥት ጠላት ይባል ነበር፤ ቶሎሳም የጴንጤ ልጅ ስለነበር መክዳቱን ለማመን ማንም አልተቸገረም። ለከዳ ሰው ደግሞ ድንኳን አይተከልም፣ ስሙ እየተጠራ አይለቀስም። ሴቶቹ ከወንዝ ውኃ ስንቀዳ ቦታ ይለቁልን ጀመር፤ ለክብር አልነበረም።

በሳምንቱ ለጀግናው ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ ግብዣ ተደረገ። ቀትር ነው፤ ግን የጌዶ ጉም ወርዶ ከፈረሶቹ ጉልበት በታች አይታይም። ከአምቦ የመጣው ካድሬ የሜዳሊያውን ታሪክ አነበበ፦ አባ ቦራ በተኩስ መሃል ወንዙን ደጋግሞ እየተሻገረ ቁስለኞችን በፈረሱ አወጣ። ጦሩ ሰውን በፈረስ ስሙ ነው የሚያውቀው። ፈረሱ ላይ የተገኘውን ሸለሙ። ሰው ሁሉ ስሙን ሲሰማ አንገቱን ደፋ፤ አባቴ ብቻ ቀና እንዳለ ቀረ።

ከዚያ ፈረሰኞቹ እንዲጋልቡ ተባለ፤ ፈረሰኞቹን በየፈረስ ስማቸው የሚጠራው ሰውም «አባ ቦራ!» ብሎ ተጣራ። ቦራ ዞሮ ቀኝ ጎኑን ሰጠ። ገመቹ በግራ በኩል ሊወጣ ዞሮ ሄደ። ቦራም ዞረ። ደግሞ ሞከረ፤ ፈረሱ ደግሞ ዞረበት።

«ጀግናው ከፈረሱ ጋር አልተዋወቁም እንዴ?» ብሎ አንድ ቀልደኛ አሾፈ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

ሳቁ የቆመው እርካቡን ስናይ ነው። በቀኝ በኩል ማንም ሳይኖር እርካቡ ወደ ታች ወረደ፤ ጠፍሩ ተወጠረ። ኮርቻው ወደ ቀኝ አዘነበለና ተመልሶ ቀጥ አለ። ቦራ ሰው ሲወጣበት እንደሚያደርገው አንዴ ተነፈሰ። ከዚያ በእርጋታ፣ የሚመራው ሰው እንዳለ ሁሉ፣ ጉሙን ሰንጥቆ ወደ እኛ ሰፈር ሄደ። ገመቹ ልጓሙን ለመያዝ እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

አንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ ወደ አባቴ ጠጋ አለ። አጠገቡ ስለነበርኩ ሰማሁ።

«ልጅህ ሞቷል፤ አልሸሸም። አሁን ግን ዝም በል፣ ያስሩሃል።»

ፈረሱን አጥራችን በር ላይ ቆሞ አገኘነው፤ ቀኝ ጎኑ ወደ ደጃፉ ነበር። በማግስቱ ታጣቂዎች መጥተው የጀግናው ንብረት ነው ብለው ወሰዱት። ሜዳው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ አይቷል፤ አንድም አልተናገረም። መንግሥት ተለወጠ፤ አሁንም አልተናገሩም። እናቴ ልጇን ሳታለቅሰው ሞተች።

ባለፈው ጥቅምት ጌዶ ስደርስ የገመቹ አስከሬን ሊወጣ ነው። ከሰው የተዋሱት ወጣት ቀይ ፈረስ ተሸልሞ ቆሟል፤ ሜዳሊያው ኮርቻው ላይ ያበራል። አስለቃሹ «አባ ቦራ!» አለ። ፈረሱ አልዞረም፤ ምኑን ያውቃል? እኔ ዞሬ በቀኝ በኩል ቆምኩ። እርካቡን ያዝኩና ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ፦ «ቶሎሳ! አባ ቦራ! ወንድሜ!»

ሴቶቹ ሙሾውን አቁመው ወደ እኔ ዞሩ። የዕድሜ እኩያዬ የሆነ ሰው፣ ያን ቀን ሜዳው ላይ የነበረ፣ ክንዴን ያዘ።

«እህቴ፣ ይበቃል።»

«ገና አሁን መጀመሬ ነው» አልኩት። ክንዴን ለቀቀ። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ከጎኔ ቆመና እሱም የወንድሜን ስም ጠራ።

የወንድሜ ልጅ ትናንት ደውላ፣ በሰው ለቅሶ ላይ እንዲያ ማድረግ ነውር አይደለም ወይ አለችኝ። እሱ በወንድሜ ስም ዕድሜውን ሙሉ ኖሯል፤ እኔ በእሱ ለቅሶ ግማሽ ቀን ባለቅስ ምን ይቀርበታል አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ መሳቋን ተወች።

አንድ ነገር ግን አልነገርኳትም። ባዶው እርካብ መዳፌ ውስጥ ከብዶኝ ነበር፤ አልቅሼ እስክጨርስም አልቀለለም።