የአዴር ሰዓት ትክክል ነበረች

ባለፈው ሰኞ የኮምፒውተር መምህራችን ክፍል ገብቶ «ጉናጋዶ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የደወል ፕሮግራምሽን ይፈልገዋል» አለኝ። ከወንበሬ ዘለልኩ። እኔ የጻፍኩት ነገር ከጅጅጋ መኪና ተሳፍሮ ሊወጣ ነው። ወዲያው በመስኮቱ በኩል በር ላይ የተቀመጡትን ዘበኛችንን አየሁና ቁጭ አልኩ። እጃቸው ላይ ሰዓት አልነበረም።

አዴር እንላቸዋለን፤ በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። እንደ ሶማሌ ልማድ እሳቸውም መልሰው አዴር ይሉናል። ከእኔ ፕሮግራም በፊት ደወሉ የእሳቸው ነበር፤ የድሮ የእጅ ሰዓታቸውን አይተው ዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ በብረት ይመታሉ። ፕሮግራሜ የሚያስጮኸው ስፒከር ከመጣ ወዲህ የሚመቱት መብራት ሲጠፋ ብቻ ሆነ።

ባለፈው የረመዳን ጾም ወር ክፍለ ጊዜው ከአርባ ደቂቃ ወደ ሠላሳ አጠረ። እኔም የጠዋቱን ፈረቃ ፋይል ከፍቼ «ፔሬድ» ያልኩትን ቁጥር ሠላሳ አደረግኩና ዘጋሁ። የከሰዓቱን ፋይል ከጠዋቱ ገልብጬ ስጽፍ ለዚያው ቁጥር «ርዝመት» የሚል ሌላ ስም እንደሰጠሁት ጨርሶ ረስቼዋለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት፣ ሠላሳ ደቂቃ ሲሞላ ስፒከሩ ዝም አለ። አዴር መብራት የጠፋ መስሏቸው ቸርኬውን መቱ። ግማሹ ተማሪ ወጣ፤ ግማሹ የማሽኑን ደወል እንጠብቅ ብሎ ቀረ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስፒከሩ ሲጮህ ግቢው ተተራመሰ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ከስብሰባ ወጥተው መጡ።

«ማን ይምቱ አለዎት?»

«ሠላሳ ሞላ» አሉ አዴር፣ ሰዓታቸውን እያሳዩ።

ምክትሉ ወደ እኔ ዞሩ። «ማሽኑ ስንት ላይ ነው?»

«ሠላሳ» አልኩ። እርግጠኛ ነበርኩ።

«እንግዲያው ሰዓትዎ ይቀድማል» አሏቸው። በማግስቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ከተደገመ ከሥራ ይሰናበታሉ።

እኔ ግን ማስጠንቀቂያው ሳይጻፍ፣ በዚያው በመጀመሪያው ቀን በእረፍት ሰዓት ፋይሉን ከፍቼ አርባዋን አግኝቻት ነበር። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ለማንም ሳልናገር፣ በጥድፊያ ያገኘሁትን አርባ ሁሉ ሠላሳ አደረግኩት። አንደኛው አርባ የድምፁ መጠን ኖሯል፤ ደወሉ ሰለለ።

«ማሽኑም ጾመኛ ሆነ እንዴ?» አሉ አዴር። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያ ሳቅ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ከዚያ የባሰው ግን በሳምንቱ መጣ። አዴር በር ላይ አስቆሙኝና «አዴር፣ ሰዓቷን ሠሪ ጋ ወሰድኳት» አሉኝ። «ምንም የለባትም አለ። የደከመው ዓይኔ ይሆናል።» ሰዓቷን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ። እኔ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

እንግዲህ ሰኞ ዕለት የዘለልኩት ይህን ሁሉ ይዤ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ኮዱን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት። አንዷ ቁጥር በሦስት ስም አምስት ቦታ ተበትናለች። አንድ ቦታ፣ በአንድ ስም ጻፍኳትና ሁለቱም ፈረቃዎች ከዚያ እንዲያነቡ አደረግኩ። ለድምፁም የራሱን ስም ሰጠሁት። ይህ ቀላሉ ነበር።

ከሰዓት ሰልፍ ላይ ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ። «የአዴር ሰዓት ትክክል ነበረች። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ አውቄም ዝም ብያለሁ» አልኩ። ድምፄ ከጾመኛው ስፒከር አይበልጥም ነበር። ምክትሉ ማስጠንቀቂያውን አስመጥተው እዚያው ቀደዱት።

አዴር ሰዓታቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አሰሩ። ከዚያ «አዴር» አሉኝ፣ «ፕሮግራምሽ ጉናጋዶ ከመሄዱ በፊት ቅዳሜ ሰው ሰብስቢ። እናንተ ማሽኑን አስጩሁ፣ እኔ በሰዓቴ እቆጥራለሁ። ካልተስማማን አይሄድም።»

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ኮምፒውተር ክፍል ኑ። ሰዓት ያላችሁ ሰዓታችሁን አስራችሁ ኑ። ፋይሎቹን ከፍቼ እጠብቃችኋለሁ፤ ሁለተኛ ቦታ የተደበቀች ቁጥር ያገኘ ሰው ቸርኬውን ይመታል። አዴር ፈቅደዋል።