የአቶ እንግዳወርቅ አውራ ጣት

አቶ እንግዳወርቅ አውቶቡስ የሚያቆም እጅ አላቸው። ዕድሜያቸውን በለንደን አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤት መቀመጥ አልሆንላቸው አለና፣ ዊልስደን ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ሕፃናት ማሻገር ጀመሩ። ቢጫ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ክብ ምልክት ያለበትን ዘንግ ይዘው መንገዱ መሐል ሲቆሙ ባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ ቀጥ ይላል። ከኋላው ያለው ታክሲም ቀጥ ይላል። ሂትሮው ሊያርፍ የመጣ አውሮፕላን እንኳ፣ እሳቸውን ካየ፣ ሰማይ ላይ ትንሽ ሳይታገሥ አይቀርም።

እንዲህ ያለ እጅ ያላቸው ሰው አንድ ቅዳሜ የገዛ አውራ ጣታቸውን ማቆም አቃታቸው።

የዋርካ ሜዳ ተወላጆች በለንደን ማኅበር አላቸው። ዋርካ ሜዳ ትንሽ የገጠር ቀበሌ ናት፤ የማኅበሩ አባል ግን ከቀበሌዋ ነዋሪ ሳይበልጥ አይቀርም። አክስቱ በዚያ በኩል ያለፈች ሁሉ ተወላጅ ነኝ ባይ ነው። በዚያ ሰሞን የአገር ቤት ሽማግሌዎች አንድ ሐሳብ አንሥተው ነበር፤ በየቤቱ የተሰቀለው ጠመንጃ ሁሉ ወርዶ በአንድ ቤት ይቆለፍበት የሚል። ግማሹ ሰው «ደግ ነው» አለ። ግማሹ ደግሞ «መሣሪያ መታጠቅ ከአባት የወረስነው መብት ነው!» ብሎ ተነሣ። ሽማግሌዎቹ መሐል ቆመው ቢጨንቃቸው «እስቲ ለንደን ያሉት ልጆቻችን ምን ይላሉ?» ብለው ላኩ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር መዝገቡ ሃክኒ ውስጥ ስልክ የሚጠግን ዘመናዊ ሰው ነው። ሰውን በክርክር ከማንጫጫት ብሎ በቴሌግራም ድምፅ መስጫ ከፈተ። «መሣሪያ የመታጠቅ መብት ይከበር?» ይላል። ከሥሩ «አዎ» እና «አይ» አለ። ማን ምን እንደመረጠ ከነስሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ግልጽነት!» አለ መዝገቡ፤ ቃሏን ከሚስቱ አስበልጦ ይወዳታል። ከዚያም ማኅበሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ በሚጠጣበት የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ስልኩን ይዞ አቶ እንግዳወርቅ አጠገብ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ እርስዎ ይጀምሩልና! ታላቅ ሳይቆርስ ማን እጁን ይሰዳል?»

«እስቲ ትንሽ ላስብበት።»

«ምኑ ይታሰባል ጋሼ? አዎ ነዋ!»

አቶ እንግዳወርቅ ቀና ብለው አዩ። የአዳራሹ ሰው ሁሉ የሻይ ኩባያውን እንደያዘ ይጠብቃቸዋል። መዝገቡም ፈገግ ብሎ ስልኩን ወደ እሳቸው አዘንብሏል። ይሉኝታ ያዛቸው። አውራ ጣታቸው ወረደች። አዎ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው! «ጋሼ እንግዳወርቅ አዎ» ከሚለው ሥር «አይ» ብሎ ስሙን የሚያስቀምጥ ደፋር በብሪታንያ ምድር ከጣት ቁጥር አላለፈም። ሰቨን ሲስተርስ ፀጉር ቤት የተቀመጡት ካስካቸው ሥር እንዳሉ ተጫኑ። አንዱ በራሱ ስልክ፣ በሚስቱ ስልክና መሳቢያ ውስጥ በጣለው አሮጌ ስልክ ሦስት ሰው ሆነ። ከሃክኒ መናፈሻ ሌላ ሜዳ አይቶ የማያውቅ ልጅ ስለ አባቶች ትጥቅ አዎ አለ። ውጤቱ ዘጠና ስድስት ከመቶ ሆነ። መዝገቡም ከሥሩ «ለንደን ወስኗል!» ብሎ ወደ ዋርካ ሜዳ ላከው።

በማግስቱ ታናሽ ወንድማቸው ሳህሌ ከዋርካ ሜዳ ደወለ።

«ወንድም ጋሼ፣ ስምዎን ከሁሉ በላይ አየነው።»

«የምን ስም?»

«የድምፁን ነዋ። እኔ እኮ የአባባን ምንሽር ላስረክብ አውርጄ፣ ወልውዬ፣ ጨርቅ ጠቅልዬ ነበር። ማሚቱ ነጋ ጠባ ስለ ልጃችን ብላ ትለምነኛለች። ሳዶቅ አድጓል፤ አልጋው ላይ ሲቆም እጁ ይደርስበታል። እርስዎ አዎ ሲሉ ጊዜ ግን መልሼ ሰቀልሁት።»

አቶ እንግዳወርቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ያን ምንሽር ያውቁታል። የአክስታቸው ልጅ ሰርግ ላይ፣ ሙሽራው ሲገባ፣ አባታቸው በደስታ ተኮሱት። ታላቅ ወንድማቸው ሀዲስ እየዘፈነ ነበር። ዘፈኑን አልጨረሰውም። አባታቸው ጠመንጃውን ተሰቅሎበት ከነበረው ምስማር ላይ መልሰው ሰቀሉት፤ ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ አልነኩትም፤ አውርዱትም አላሉም። ማንም ደፍሮ አልጠየቃቸውም። እንግዳወርቅ ከአገር የወጡት በደርግ ጊዜ ነው፤ ለሚጠይቃቸው ሁሉ «በፖለቲካ» ይላሉ። እንቅልፍ በነሣቸው ጊዜ የሚታያቸው ግን ያ ግድግዳ ነው።

«ሳህሌ፣ አስረክበው» አሉ።

«በአደባባይ አዎ፣ በስልክ አይ? የትኛው ነዎት ወንድም ጋሼ?»

«ይኸው እየነገርሁህ!»

«ለእኔ ነገሩኝ። ለሰውስ? ለንደን መብታችሁ ነው ብሎ እኔ ብቻዬን ተሸክሜ ብሄድ ፈሪ እባላለሁ። ልጄም የፈሪ ልጅ ይባላል። ሽማግሌዎቹ የፊታችን እሑድ ይቀመጣሉ። እርስዎም የሚሉት ካለዎት ሰው ፊት ይበሉት።»

ያን ሳምንት አቶ እንግዳወርቅ ሕፃናቱን ሲያሻግሩ ከወትሮው ረዘም አድርገው ቆሙ። አንድ ሹፌር ጥሩምባውን ነፋባቸው። ዘወር ብለው አላዩትም፤ ዓይናቸው መጨረሻ የተሻገረው ልጅ ላይ ነበር።

ቅዳሜ ማኅበሩ እንደ ልማዱ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰበሰበ። አቶ እንግዳወርቅ ሻዩ ሳይቀዳ ተነሡ።

«ያን የተጫንሁት አምኜበት አይደለም» አሉ። «መዝገቡ አጠገቤ ነበር፤ ሰዉም እያየኝ ነበር። አፍሬ ነው።»

«ጋሼ! ዘጠና ስድስት ከመቶ እኮ ነው! ሕዝብ ነው የተናገረው!»

«ዘጠና ስድስቱ እኔ ነኝ፣ ልጄ። ከእኔ በኋላ የመጣው ሁሉ እኔን እያየ ነው የመጣ።»

ከኋላ ወንበር ነርሷ ራኬብ እጇን አወጣች። «ሶሪ መዝገቡ፣ እኔም ቼክ ያደረግሁት የጋሼን ስም ብቻ ነው። አይ ብል እማዬ ስልኬን ትሰብረው ነበር!»

«እሰብረው ነበር» አሉ እናቷ። አዳራሹ ሳቀ። አቶ እንግዳወርቅ አልሳቁም።

«ወንድሜን ሀዲስን ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁትም ሰምታችኋል» አሉ። «የገደለው ጠላት አይደለም። ጠመንጃው ዛሬም እዚያው ምስማር ላይ ነው፤ ከሥሩ ሕፃን ይተኛል። ፓስተራችን ሲጸልዩ የሚያደርጉትን እናድርግ። ዓይን ሁሉ ይጨፈን፤ ከዚያ እጅ ይነሣ።»

«ማን ይቆጥራል?» አለ መዝገቡ።

«ኣስካሉ።»

ወይዘሮ ኣስካሉ የአቶ እንግዳወርቅ የድሮ ባልደረባ ናቸው፤ አውቶቡስ ይነዱ ነበር። አማርኛ የተማሩት አስመራ ትምህርት ቤት ነው፤ ዋርካ ሜዳን በካርታም አያውቋትም።

«እኔ የመጣሁት ለድፎ ዳቦው ነው!» አሉ።

«ለዚያ ነው የመረጥሁሽ።»

ዓይን ሁሉ ተጨፈነ። አቶ እንግዳወርቅም ጨፈኑ። «ጠመንጃው በየቤቱ ይቆይ የምትሉ» አሉ ኣስካሉ። እዚህም እዚያም እጅጌ ተንኮሻኮሸ። «ይውረድ የምትሉ።» አሁን የመጣው ድምፅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚጀምር ዝናብ ነበር። አቶ እንግዳወርቅም አውቶቡስ የሚያቆም እጃቸውን አነሡ።

«ይውረድ ያለው ይበልጣል፤ እጅግ ይበልጣል» አሉ ኣስካሉ።

«ስንት ነው?»

«ግማሽ ላይ ስደርስ መቁጠር ተውሁ። አያስፈልግም ነበር።»

«እነማን ናቸው?»

«ሰው አላየሁም ልጄ። እጅ ነው ያየሁት።»

መዝገቡ ስልኩን አወጣ። ከዚያ የሆነውን ሁሉ፣ አቶ እንግዳወርቅ ያሉትንም ጭምር፣ አንዲት ቃል ሳያጣፍጥ ጽፎ ቴሌግራሙ ላይ ለጠፈው፤ ወደ ዋርካ ሜዳም ላከው። ሻዩ ተቀድቶ ሳያልቅ ቴሌግራሙ ተናወጠ። «ስም የሌለው ድምፅ ውሸት ነው!» «ዘጠና ስድስታችን የት ገባ?» ከተቆጡት መሐል ጥቂቶቹ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ዳቦ እያላመጡ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«ወንድም ጋሼ።»

«ተነበበ?»

«ተነበበ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ አስነበቡት። ጫጫታው አይነሣ።»

«ከዚያስ?»

«ሁሉም አላስረከበም። ብዙው ሰው ሌላ ውጤት ይመጣል እያለ ገና ስልኩን ያያል። እኔ ግን ይዤ ሄድሁ። ማሚቱ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ፈሪ ያለኝ አለ፤ አልመለስሁለትም።»

ከስልኩ ወዲያ የሕፃን ሩጫ ይሰማል።

«ምስማሩስ?» አሉ አቶ እንግዳወርቅ።

«ምስማሩ አለ።»

«ንቀለው።»

«አሮጌ ነው ወንድም ጋሼ፤ ግድግዳውን ይዞ ይመጣል።»

«ይምጣ። በጭቃ ትመርገዋለህ።»

ሳህሌ ስልኩን መደቡ ላይ ሲያስቀምጥ ተሰማ፤ ከዚያ ብረት ከግድግዳ ጋር ሲታገል፣ ከዚያ ደግሞ አፈር ሲረግፍ። አቶ እንግዳወርቅ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሡ አዳመጡ፤ የመጨረሻዋ ጓል እስክትወድቅ ድረስ።