ያልደረቀው ቀለም

ጋራዥ ውስጥ «ሳይደርቅ የሚነካ እጁ ይሰበር!» እያለ የሚጮኸው መኪና ቀቢ፣ ቤቱ ሲገባ ትዕግሥት አልፈጠረበትም። ክንድ የምታህል የካርቶን ሮኬት ሠርቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ ቀይ ቀለም ነፋባት። ከዚያ መቀመጫው እሾህ ያለበት ይመስል ብድግ ቁጭ ሲል ቆየና በአውራ ጣቱ ነካት። አሻራው ጉብ አለባት። አሽቶ ደግሞ ቀባት፤ ደግሞ ነካት።

በስድስተኛው ሚስቱ መረራት። «አንተ ሰውዬ፣ እጅህ አያርፍም?» ብላ ሮኬቷን ጓዳ አስገብታ ቆለፈችባት፤ ቁልፉንም ኪሷ ከተተች።

በማግሥቱ ጓዳው ሲከፈት ሮኬቷ እንደ መስታወት ታበራለች። ቀቢው ፊቱን አየባት፤ በምስሉ ግንባር ላይ ግን አንዲት ቀጭን የጣት አሻራ ቀለሙ ላይ አርፋለች። ዞር ብሎ ሚስቱን አያት።

«ደርቆ እንደሆነ ልይ ብዬ እኮ ነው» አለች፣ ቀይ የነካውን ጣቷን ከኋላዋ እየደበቀች።