የበጠጥ ቆጣሪው ልጅ

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 1996 ነበር፤ ሜልቦርን ቅጠሏን የምታረግፍበት ወቅት። ፋሲካ እዚህ አገር የሚመጣው ብርድ ሲገባ ነው። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ የምንኖረውም ዌስት ፉትስክሬይ።

አባቴ የበግ የሆድ ትል በሚጠናበት ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። ከየገበሬው የሚመጣውን የበግ በጠጥ በጨው ውሃ በጥብጦ፣ በማይክሮስኮፕ እያየ የትሉን እንቁላል ይቆጥራል። በጎቹ መድኃኒት ከመጠጣታቸው በፊት አንድ ጊዜ፣ ከጠጡ በኋላም አንድ ጊዜ። ቁጥሩ ካልቀነሰ ትሉ መድኃኒቱን ለምዶታል ማለት ነው። ማታ ቤት ሲገባ እጁ ሳሙና፣ ኮቱ ደግሞ ጉረኖ ጉረኖ ይሸት ነበር። ያንን ሽታ እወደው ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ግን ሥራው መሳቂያ ነበር። እሱ እየሰማ «በጠጥ ቆጣሪው መጣ» ይባባላሉ። ልጆቹም እኔ ሳልፍ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። አባቴ ግን ከስደት አውጥቶ ሥራ የሰጠውን አምላክ አመስግኖ ይቀመጣል።

የዚያን ዓመት የፋሲካ በግ ለሁላችንም የገዙት ጋሼ ደምሴ ነበሩ። ከእኛ ሰፈር ቀጥሎ ባለው በሜድስቶን የሚኖሩ፣ ቃላቸው የማይታለፍ ሽማግሌ ናቸው። ስድስት በጎች ከከተማ ውጭ ከአንድ ገበሬ ገዝተው እዚያው አቆዩ። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ሊያዩዋቸው ሲሄዱ ትንሽ ልጃቸውን እንዳጫውት እኔንም ይዘውኝ ሄዱ።

እሳቸው ባደጉበት አገር የበዓል በግ ሲገዛ የትል መድኃኒት ይጠጣል፤ ሥጋው እንዲጠራ። ጋሼም ጠርሙስ ይዘው ነበር። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ለእኔ ሰጡኝ። ለአንድ በግ ስንት እንደሚሰጥ አነበብኩላቸው። ከሥሩ በደማቁ የተጻፈ ነበር፤ መድኃኒቱን የጠጣ በግ የተወሰነው ቀን ሳይሞላ ለመብል አይታረድ ይላል። አፌን ስከፍት «በቃሽ፣ የምንፈልገው ይኸው ነው» አሉኝ። ጠርሙሱን መለስኩላቸው፤ ስድስቱንም በጎች አጠጧቸው። ትልቅ ሰው በቃሽ ካለ በቃ ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ማታም ለአባቴ አልነገርኩትም።

ቅዳሜ ከሰዓት ወንዶቹ ቢላ ስለው ወደ ገበሬው ግቢ ሄዱ። አባቴ ሊያግዝ መጣ፤ እኔም ተከተልኩት። አንዱን በግ ሊይዝ ሲያጎነብስ ከበጉ አገጭ ሥር የደረቀ ነጭ ነገር አየ። በጥፍሩ ፈቅፍቆ አሸተተው።

«ጋሼ ደምሴ፣ መድኃኒት አጠጥተዋቸዋል?»

«ለሃጭ ነው።»

«ጠጥተው ከሆነ ዛሬ አይታረዱም። መድኃኒቱ ገና ሥጋቸው ውስጥ ነው።»

ሰው ሳቀ። አንዱ ደግሞ ሥጋውንም ሊቆጥርልን ነው አለ። ጋሼ ደምሴ ግን አልሳቁም።

«ሃምሳ አምስት ቀን ጾመን፣ አሁን ካንተ ፈቃድ እንጠይቅ? ሂድ በጠጥህን ቁጠር» አሉት።

አባቴ በጉን አልለቀቀም። ሁለት ሰዎች ክንዱን ይዘው ጎተቱት። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ሲተረተር ሰማሁ። ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት።

«ሐሙስ ዕለት ጠጥተዋል። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። አይታረድ ይል ነበር፤ አልጨረስኩትም።»

በጎቹ ወደ መስኩ ተመለሱ። ሌላ ለመግዛት ጊዜ አልነበረም። ያ ሁሉ ሰው ጾሙን በእንቁላል ገደፈ። አባቴን ያመሰገነው አልነበረም። በዚያው ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከአጠገባችን የነበሩት ሴቶች ተነሥተው ሌላ ቦታ ቆሙ። አንዷ ልጁን በሽማግሌ ላይ የሚያስመሰክር አባት አይተን አናውቅም አለች፣ እናቴ እንድትሰማ። እናቴም ቤት ስንገባ ወደ እኔ ዞራ «ሐሙስ ማታ አፍሽ የት ነበር?» አለችኝ። እውነቷን ነው። አባቴ ራሴን ዳበሰኝ።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ። ልጆቼ ሱቅ ውስጥ ዕቃውን ገልብጠው እስከ መጨረሻው መሥመር ያነቡልኛል፤ በቃችሁ ብል አይሰሙኝም። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ልጅ ባለጌ ይባል ነበር። እኔ ተመስገን እላለሁ። ያኔ የተቀየሙን አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ነው። አባቴ ጡረታ ወጥቷል፤ በማንም ቂም አልያዘም። እሱን አባት አድርጎ ለሰጠኝ ክብር ይግባው።

ያኔ፣ በጎቹ ወደ መስኩ በተመለሱ ማግስት፣ የፋሲካ ዕለት ጠዋት፣ ቤተሰቡ ተኝቶ ሳለ ነጠላዬን ለብሼ በእግሬ ሜድስቶን ሄድኩ። ጋሼ ደምሴ በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱ። እንኳን አደረሰዎ ብላቸው አልመለሱልኝም። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«ሐሙስ ዕለት አንብቤ ስላልጨረስኩ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

ቆመው ጠበቁ። ቅዳሜ በሰው ፊት ስለመሰከርኩባቸው ይቅርታ እንድጠይቅ ነበር የሚጠብቁት። እሱን አልጠየቅኩም። እጅ ነሥቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።