ኮት ሰቅሎ መውጣት

ሞጣ ቅርንጫፍ ስሠራ ሁለት ኮት ነበረኝ። አንዱ የምለብሰው ነው፤ ሌላው የሚሠራልኝ። የሚሠራልኝ ኮት ግራጫ ነው፣ ክርኑ ሳስቷል፣ አንድ ቁልፍ የለውም፤ ግን በሥራ ገበታው ላይ ከእኔ የበለጠ የተገኘ ኮት ነው። ጠዋት ገብቼ ወንበሬ ላይ እሰቅለዋለሁ፣ እስክሪብቶዬን የተከፈተ ፋይል ላይ አስተኛዋለሁ፣ ከዚያ መናኸሪያው ፊት ለፊት ወዳለው ከረንቡላ ቤት እሄዳለሁ። ባለጉዳይ መጥቶ ሲጠይቅ ጎኔ የምትቀመጠው የሒሳብ ሠራተኛ ቀና ሳትል «አለ፣ ኮቱ አለ» ትለዋለች። እሷ ስትወጣ ደግሞ ለሹራቧ እኔ መልስ እሰጣለሁ። ውሸት እኮ አልነበረም፤ ኮቱ በእርግጥ ነበረ።

ይህን የምናገረው ተኩራርቼ አይደለም። በተለይ የሥራ መደቤ ምን እንደነበረ ስትሰሙ ትታዘቡኛላችሁ፤ የሰው ኃይል ሠራተኛ ነበርኩ። የሠራተኛውን መግቢያና መውጫ የምቆጣጠረው እኔ ነኝ።

ድርጅታችን ለገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያቀርባል፣ እህል ይገዛል። ዋናው መሥሪያ ቤት ቢቸና ነው። ጊዜው ከሚሊኒየሙ ወዲህ ነው፤ ቢፒአር የሚባል የአሠራር ለውጥ መጣ ተብሎ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ፈርሶ ሠራተኛው ሁሉ አንድ አዳራሽ ውስጥ የታጨቀበት ጊዜ። ግድግዳው የፈረሰው ማን እንዳለ ማን እንደሌለ ከሩቅ እንዲታይ ነበር። የእኛን አዳራሽ ከበሩ ሆኖ ለሚያይ ሰው ታዲያ የሚታየው በየወንበሩ ላይ ረድፍ የያዘ ኮት ነው።

ሳይፈርስ የቀረው የመዝገብ ቤቱ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ከተነካ የፋይል መደርደሪያው ይናዳል ተብሎ ተተወ። እዚያ ውስጥ የኔታ ነበሩ። የኔታ የምንላቸው የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛ ነው፤ በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ አካባቢ ቅኔ ተምረዋል፣ ብራና ፍቀዋል፣ በኋላ ደመወዝተኛ ሆኑ። ኮት የላቸውም። ክረምት ከበጋ ካኪ ሸሚዝና ጋቢ ናቸው። ጥበቃው በሩን ከመክፈቱ በፊት ደርሰው ደጃፉ ላይ ካለችው ድንጋይ ይቀመጣሉ፤ ማታ የመጨረሻውን መስኮት ዘግተው የሚወጡትም እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ክፍል ቁጥር ሳይሰጠው የሚወጣ ወረቀት አልነበረም። ደብዳቤ ይሁን፣ የዓመት ፈቃድ ይሁን፣ ማዳበሪያ ከመጋዘን የሚወጣበት ወረቀት ይሁን፣ የኔታ በሰፊው መዝገብ ላይ በእጃቸው ያሰፍሩታል፣ ቁጥርና ቀን ይሰጡታል፣ ማህተም ያሳርፉበታል። ቁጥር የሌለውን ወረቀት «ወሬ ነው» ብለው ይመልሱታል። ኢሜይል የመጣ ጊዜ እያተምን እንድናመጣላቸው አደረጉን፤ ከቢቸና የተላከልን የእንቁጣጣሽ መልካም ምኞት ሳይቀር ገቢ ቁጥር አለው።

እንግዲህ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ተሾመልንና የሙከራ ጊዜው ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ከቢቸና የአሻራ ማሽን ይዞ መጣ። በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን በኩል ያለው የያኔው መንገድ ሰውን አራግፎ ነው የሚያደርሰው፤ እሱ ማሽኑን ፒካፑ ውስጥ ጭኑ ላይ አቅፎ ነው የመጣው አሉ። ወጣት ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን «ሲስተም» ሳይል አንድ ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። ማሽኑን በሩ አጠገብ ሰቀሉት። ጠዋት ሲገቡ በጣት ይነካል፣ ማታ ሲወጡ በጣት ይነካል። ጣቱን ካወቀው አረንጓዴ ያበራና በሴት ድምፅ «ታንክ ዩ» ይላል፤ ካላወቀው ቀይ ያበራና «ፕሊስ ትራይ አጌን» ይላል። ጥበቃችን ለማያውቅ ሰው ይተረጉማል፤ ማሽኑን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልጅቷ ነው የሚላት።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ልቤ እየመታ ጣቴን አስቀመጥኩ። ልጅቷ አመሰገነችኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሥራ ዘመኔ የተመሰገንኩት ያን ዕለት ነው። ልቤም ወዲያው መለስ አለ፤ ጠዋትና ማታ ብቻ ነው የምትጠይቀው፣ በመሃሉ የት እንደነበርኩ ጉዳይዋ አይደለም። ኮቴን ሰቅዬ ከረንቡላዬን ልጫወት ወጣሁ።

የኔታ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ሌባ ጣታቸውን ዘረጉ። ቀይ በራ። አውራ ጣታቸውን ሞከሩ፣ ቀይ። አሥሩንም ጣት በተራ አስቀመጡ፣ አሥር ጊዜ እንደገና ሞክሩ አለቻቸው። ከቢቸና የመጣው ባለሙያም ጣታቸውን መጀመሪያ ሲመዘግብ በሃያኛው ሙከራ በመከራ ነበር ያስገባው፤ ልጅነታቸውን ቆዳ ሲፍቁ፣ ጉልምስናቸውን ወረቀት ሲገልጡ የኖሩ ሰው ጣታቸው ላይ መስመር የሚባል አልቀረም።

«የኔታ፣ ልጅቷ ጨከነችብዎ» አላቸው ጥበቃው።

«አላወቀችኝም፤ ትለምደኛለች» አሉ።

አልለመደቻቸውም። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ በሎሚ ይሹት አለች፣ ሌላው በአሸዋ ይታጠቡት አለ፤ ቅቤ ተቀብተው የመጡ ዕለት ማሽኑ ጭራሽ ደንዝዞ የሁላችንንም ጣት እምቢ አለና በመሃረብ ስንጠርገው አረፈድን። ሾፌሩ የእግር ጣት ይሞከር አለ። ጥበቃው ጠበል ይዞ መጣ። የኔታ ጠርሙሱን አዩና «እኔ ደህና ነኝ፣ ለእሷ እርጭላት» አሉት።

እየሳቅን ሰነበትን። ዓርብ ላይ ግን ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። ሪፖርቱ በራሱ ቢቸና ይደርሳል፣ የኔታ አምስቱንም ቀን ቀሪ ናቸው፣ ማስጠንቀቂያ ጻፍ አለኝ።

«ኧረ እዚያ ተቀምጠዋል፣ ከዚህ ሆነህ ይታዩሃል» አልኩት።

«ይገባኛል። ግን ዳታው ላይ የሉም። ሲስተሙ ያላወቀው ቀሪ ነው፤ ለአንድ ሰው ብዬ ሲስተም ላበላሽ አልችልም።»

መከራከር ነበረብኝ። አልተከራከርኩም፣ «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ለምን ብትሉኝ፣ ማን አለ ማን የለም የሚል ክርክር አንዴ ከተከፈተ ዞሮ ዞሮ ወደ ግራጫው ኮት እንደሚመጣ ስለማውቅ ፈራሁ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል።

ማስጠንቀቂያውን ጻፍኩ። አሁን ችግሩ፣ ማንኛውም ደብዳቤ ወጪ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ወጪ ቁጥር የሚሰጡት ደግሞ የኔታ ናቸው። አንገቴን ደፍቼ አቀረብኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ መዝገቡን ስበው «የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት» ብለው በዚያ ባማረ እጃቸው ጻፉ፣ ቁጥር ሰጡት፣ ማህተም መቱበት። የመላኪያውን ደብተር ከፈቱና ከወንበራቸው ተነሡ። በባንኮኒው ዞረው ወደ እኔ በኩል መጡ፤ ተቀባይ የሚቆመው በዚያ በኩል ስለሆነ ነው። ቆመው ፈረሙ፣ ደብዳቤውን ተቀበሉ፣ ተመልሰው ዞሩና ቀሪ ቅጂውን ከገዛ ማህደራቸው ጋር አሰሩት።

«ቀኑን ተሳስተሃል» አሉኝ ሲቀመጡ። «ዓርብ ነው ዛሬ፤ የትናንቱን ነው የጻፍከው። ለሚቀጥለው አስተውል።»

የሚቀጥለውም አልዘገየም። በሁለተኛው ሳምንት የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይዤ ሄድኩ፤ ግልባጭ የሚለውን መስመር ረስቼ መለሱኝና ደግሜ አትሜ አመጣሁ። ያን ቀን ፈርመው ሲያበቁ ወደ ወንበራቸው አልተመለሱም። ባንኮኒውን ተደግፈው ቆሙ።

«ስማ ልጄ፣ ጡረታ ልወጣ ስምንት ወር ነው የቀረኝ። ከዚህ ቀጥሎ ስንብት እንደሆነ አውቃለሁ፣ መመሪያውን መዝገብ ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ቀርቼ አላውቅም። እናቴን የቀበርኩ ዕለት እንኳ ከሰዓት ገብቻለሁ። ነገ ይህን ማህደር የሚከፍት ሰው ግን ከሥራ በመቅረቱ ተባረረ የሚል ነው የሚያገኘው። እንዲያው የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።»

ወደ ወንበሬ ስመለስ ኮቴ ተሰቅሎ እያየኝ ነበር፣ ጎትቼ መሳቢያ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። በማግስቱ ግን ያው መልሼ ሰቀልኩት፤ አመል ነው።

በሦስተኛው ሳምንት የስንብት ትእዛዙ ከቢቸና ደረሰ። የዘር ወቅት ነው፣ ግቢው በገበሬ ተሞልቷል፣ ማዳበሪያ የጫኑ ሦስት መኪኖች ወደ ጉንደ ወይን ለመሄድ የመውጫ ወረቀት ይጠብቃሉ። ደብዳቤውን ጽፌ፣ አስፈርሜ፣ ቀኑን ሁለት ጊዜ አይቼ ለየኔታ አቀረብኩ። አነበቡት። እስክሪብቷቸውን ከደኑና ጋቢያቸው ውስጥ እጃቸውን አጣጠፉ።

«ቁጥር ልሰጠው አልችልም።»

«ለምን የኔታ?»

«የለሁማ።»

የሰማሁትን አላመንኩም። እሳቸው ግን ተረጋግተው ነው የሚያስረዱኝ። «ዛሬ ጠዋት ልጅቷ ምን አለች? እንደገና ሞክሩ አለች። እንግዲያውስ ቀሪ ነኝ። ቀሪ ሰው ደግሞ ወጪ ቁጥር አይሰጥም። የተገኘ ሰው ፈልግና ይስጥህ።»

ሾፌሩ የመውጫ ወረቀቱን ይዞ መጣ፤ የለሁም አሉት። የሒሳብ ሠራተኛዋ መጣች፤ የለሁም አሏት። ሥራ አስኪያጁ እኔው እንድመዘግብ አዘዘኝና መዝገቡን ገለጥኩት፤ የሠላሳ አንድ ዓመት የፋይል አሰያየም የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ከየት እንደሚጀመር እንኳ ጠፋብኝ። ግቢው ውስጥ መኪኖቹ ጥሩምባ ይነፋሉ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ራሱ መዝገብ ቤት ገባ፤ አዳራሹ በሙሉ ከኋላው ጆሮውን አቀና።

«የኔታ፣ ሥራ እያቆሙ ነው እንዴ?»

«ሥራ የሚያቆም የተገኘ ሰው ነው። እኔ በእናንተ ሪፖርት ከሄድን ሦስት ሳምንት የለሁም።» መዝገቡን ቀስ አድርገው ወደ እሱ አዞሩት። «ይልቅ ያሳሰበኝ በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ቁጥር የተሰጣቸው ወረቀቶች ናቸው። ይኸው፣ የማዳበሪያው። ይኸው፣ የዘሩ። ይኼኛው ደግሞ የእርስዎ ነው፤ የሙከራ ጊዜዎን ጨርሰው በሥራ አስኪያጅነት የጸኑበት ደብዳቤ። ሁሉንም የመዘገበው ያልነበረ ሰው ነው። እንግዲህ ወይ እኔ ነበርኩ፣ ወይ እርስዎ አልጸኑም።»

ሥራ አስኪያጁ የራሱን ስም መዝገቡ ላይ ጎንበስ ብሎ አነበበ። እኔ ያን ጊዜ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ አፌ ከፈት አለ።

«በየቀኑ ነበሩ። እኔ እመሰክራለሁ።»

ዞሮ አየኝ። «አንተ በምን አውቀህ? የሚውለው ኮትህ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ ትስቃለች፣ ሹራቧን ረስታ። ለካ ሥራ አስኪያጁ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ያውቃል፤ ዳታው ላይ ስላለሁ ብቻ ነው የተወኝ። እሱም ግን ሳቁን መያዝ አቅቶት ስልኩን አነሣና ቢቸና ደወለ። ምን እንዳላቸው በሙሉ አልሰማሁም፤ «ደብዳቤዬም እኮ አለበት» ሲል ሰምቻለሁ።

ከቢቸና የተፈቀደው እንዲህ ነው። ስንብቱና ማስጠንቀቂያዎቹ ተሻሩ፤ የኔታ በድሮው የፊርማ ደብተር እየፈረሙ ይገባሉ፤ አጠገባቸው ግን ሲገቡ ሲወጡ በዓይኑ አይቶ የሚፈርም ምስክር ያስፈልጋል። ሥራ አስኪያጁ ምስክሩን ለመምረጥ አልተቸገረም። የመሻሪያው ደብዳቤ ሲመጣ የኔታ እስክሪብቷቸውን ከፍተው ቁጥር ሰጡት። «ይኼኛውስ?» አልኳቸው የስንብቱን ይዤ።

«ቁጥር የለውም። ወሬ ነው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ያቺ ድንጋይ ላይ ነበርኩ። የሞጣ ጠዋት አጥንት ይሰብራል፤ የምለብሰው ኮት አልበቃ ብሎኝ የሚሠራልኝንም ደርቤ ለበስኩት፣ ወንበሬም ባዶውን ቀረ። እሳቸው እስኪወጡ መውጣት ስለማልችል ደግሞ ቀኑ ይረዝምብኝ ጀመር፤ ምን ላድርግ፣ ሥራ ሠራሁ። ከረንቡላ ቤት ያሉት ታምሜ መስሏቸው ሊጠይቁኝ መጡ። የኔታ ድንጋዩ ላይ ሆነው ቆሎ ያካፍሉኛል፣ የጻፍኳቸውን ደብዳቤዎች ስህተት ያርሙልኛል፣ ኮት ስለሚባል ነገር ግን አንድ ቀን አንስተውብኝ አያውቁም።

ጡረታ የወጡ ቀን አዋጥተን ጥቁር ኮት ገዛንላቸው። እጅጌው ትንሽ ረዘመባቸው። ለብሰውት መረቁን፣ ሥራ አስኪያጁንም መረቁት። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን የጡረታ ደብዳቤያቸውን መዝገብ ላይ አሰፈሩ፣ ማህተም መቱ፣ በባንኮኒው ዞረው መጥተው ለመጨረሻ ጊዜ ፈርመው ተቀበሉ። በፊርማ ደብተሩ ላይ እሳቸው ፈረሙ፣ እኔም ፈረምኩ። የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው ለጥበቃው ሰጡት። እኔ ዓይኔ እንባ ስላቀረረ ፊቴን አዙሬ ነበር፤ ሲወጡ አላየሁም።

በማግስቱ እግሬ ለምዶ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ጥበቃው መዝገብ ቤቱን ሲከፍት ጥቁሩ ኮት በየኔታ ወንበር ላይ ተሰቅሏል።

«ረስተውት ሄዱ?» አልኩት።

«አልረሱም። አቧራ እንዳይኖርበት አራግፈው፣ ትከሻውን አስተካክለው ነው የሰቀሉት። እያየኋቸው።»

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያው ባለጉዳይ ከገጠር መጣና ባንኮኒው ጋ ቆሞ የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ የሉም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«አሉ» አልኩት። «ኮታቸው አለ።»